ሁለት ጣት ያጠረው ዘንግ፤ የእትዬ ሞርሳ የሕይወት ታሪክ

በሠፈሩም ሆነ በተኩስ ማኅበሩ ዘንድ «እትዬ ሞርሳ» እየተባሉ የሚጠሩት የጠመንጃ ዕቃ ሠሪዋ አያቴ፣ ከጠመንጃ አዳሹ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በጥር ወር 1939 ዓ.ም. ከአባታቸው መሥሪያ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ፣ ለሴቶቹ ሦስተኛ ነበሩ። አባታቸው ሴት ልጅ መወለዷን የሰሙት ሞረዳቸውን ሳያስቀምጡ ነው፤ «እጇ ይበርታ እንጂ ሌላው ይደርሳል» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ ይባላል። እጃቸው በርትቷል። ሌላው ግን እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ አልደረሰም። ይህ ጽሑፍ በከፊል ስለዚያ ስላልደረሰው ነገር ነው።

የጻፍኩት እኔ የልጃቸው ልጅ ነኝ። እንድጽፈው ያዘዙኝም እሳቸው ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ አንቱታ የጎደለበት አንድ ሰው ታገኛላችሁ፤ የማተሚያ ቤቱ ስሕተት አይደለም።

አባታቸው ያድሷቸው የነበሩት ጠመንጃዎች የጥንት ዓይነት ናቸው። ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ በኩል ገብቶ፣ በረጅም ዘንግ ታች ድረስ ተገፍቶ፣ አንዴ ተተኩሶ እንደገና የሚጎርስ ጠመንጃ ማለት ነው። ባለቤቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በሜዳ ዒላማ የሚመቱ የማኅበር አባላት፣ ጥቂት አዳኞችና ዕቃውን በግድግዳ ሰቅሎ ማየት የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። በዚህ ሥራ በርሜል ማቃናትና ቃታ ማስተካከል «ትልቁ ሥራ» ይባል ነበር። ማጉረሻ ዘንጉ፣ የባሩድ መስፈሪያው፣ አረር የሚፈስበት ቅርጽ፣ የቃታውን ሞላ ጨምቆ የሚይዘው መያዣ፣ በሰምና በሞራ የራሰው ክብ ጨርቅ ደግሞ «ትንንሹ ሥራ» ይባላል። አባታቸው ትልቁን ለወንድ ልጃቸው፣ ትንንሹን ለመጨረሻ ሴት ልጃቸው አስተማሩ። ትንንሹ ነገር ትልቁን ሊያፈነዳው እንደሚችል ሁለቱም ልጆች ያውቁ ነበር። አንደኛዋ አልረሳችውም።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በጂኦሜትሪ ከክፍላቸው አንደኛ ይወጡ ነበር። በ1953 ዓ.ም. የእናታቸው ዓይን ሲደክምና ጨርቅ የሚቆርጥ ሰው ሲጠፋ ከትምህርት ቤት እንዲወጡ ተደረገ። አላለቀሱም፤ የክፍሉን ትልቅ የእንጨት ማስመሪያ በብብታቸው ይዘው ወጡ። ትምህርት ቤቱ እንዲመለስለት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፏል። ማስመሪያው ዛሬም እኛ ቤት ነው፤ ዳይሬክተሩ እዚህ ካሉ መጥተው ሊወስዱት ይችላሉ፣ አይሰጣቸውም እንጂ።

ብረት ነክሶ የሚይዘውን መሣሪያ፣ «ሞርሳ» የሚለውን ስም ያገኙት በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው። አንድ ቸኳይ ደንበኛ ገና ያልተለካ የባሩድ መስፈሪያ ከጠረጴዛው አንሥቶ ሊወጣ ሲል የእጁን አንጓ ያዙት። «ልቀቂኝ» አለ። «መጀመሪያ አስቀምጥ» አሉት። ሁለት ሰው መጥቶ ጣታቸውን ማላቀቅ አቃተው። «ኧረ ይቺ ልጅ ሞርሳ ናት!» ብሎ ጮኸ ሰውየው። ዕቃውን አስቀመጠ፣ እጁን አገኘ፣ ስሙን ትቶ ሄደ። በኋላ መስፈሪያው ሲለካ ከልኩ ሩብ ያህል የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ፤ ደንበኛውም እስኪሞት ድረስ በዓመት አንዴ ብርቱካን ይልክላቸው ነበር።

አሁን ስለ ዘንጉ በደንብ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ቀሪው አይገባችሁም። አረሩ ባሩዱ ላይ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። በመካከላቸው ባዶ ቦታ ከቀረ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ጠመንጃው ውስጥ ደግሞ ዓይን አይገባም። ስለዚህ አያቴ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ በጋለ ሽቦ ሁለት ቀለበት ያቃጥሉ ነበር። ዘንጉ ባዶ በርሜል ውስጥ ገብቶ መጨረሻውን ሲነካ አንደኛው ቀለበት ከአፈሙዙ ጋር እኩል ይሆናል። በትክክል ከጎረሰ ደግሞ ሁለተኛው ቀለበት እኩል ይሆናል። በሁለቱ መካከል አንዲት ነጥብ ያስቀምጣሉ፤ ፊርማቸው ነበረች።

በዚህ ላይ የራሳቸው የሆነ ልማድ ነበራቸው። ዘንግ በሠሩ ቁጥር ከቀጭን ጣውላ ልክ እሱን የሚያክል፣ ቀለበቶቹም በዚያው ቦታ ያሉበት ሌላ በትር ይቆርጡና የጠመንጃውን ቁጥር ጽፈው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። «እኅት» ይሉታል። የመሥሪያው ሕግ አንድ ነበር፦ ዘንግ የነካ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከእኅቱ ጎን አስተኝቶ ሳያስተያይ ከበሩ አያወጣውም። «ዓይን ይሸነግላል፣ እኅት ትመሰክራለች» ይሉ ነበር። አባታቸው ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ የራሳቸውን የአደን ጠመንጃ ዘንግ አምጥተው «ለኔም እኅት ቁረጪልኝ» አሉ።

በ1961 ዓ.ም. ሰዓት ሠሪውን ወንድ አያቴን አገቡ። ሰውየው የመጡት አንዲት የሰዓት ሞላ የሚይዝ ትንሽ መያዣ ለማሠራት ነበር። መያዣው በሦስት ቀን አለቀ፤ እሳቸው ግን ለሰባት ወር «ትንሽ ይላላል፣ ትንሽ ይጠብቃል» እያሉ ተመላለሱ። በመጨረሻ አያቴ «መያዣው ደህና ነው፤ አንተ ነህ የላላኸው። ሽማግሌ ላክና እንገላገል» አሏቸው። እናቴንና አጎቴን ወለዱ። ሰዓት ሠሪው በ1999 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በሚስታቸው ላይ ድምፃቸውን አንሥተው አያውቁም፤ አንድም ጠባያቸው ነበር፣ አንድም ሞኝ አልነበሩም።

አባታቸው በ1968 ዓ.ም. ሲሞቱ መሥሪያው በቃል ለታላቅ ወንድማቸው ተላለፈ። አያቴ በመስኮቱ በኩል ባለችው ጠረጴዛቸው ላይ ቀሩ። ወንድምየው ግራኝ ነው፤ ይህን በልቦናችሁ ያዙልኝ። በበርሜል ሥራ የታወቀ እጅ ነበረው፤ ይህን መካድ አልችልም፣ እሳቸውም አልካዱትም። ችግሩ እጁ ላይ አልነበረም።

በኅዳር 1980 ዓ.ም. አጎቴ ታምሞ አያቴ ሦስት ቀን ከሥራ ቀሩ። በእነዚያ ቀናት የሠፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ጠመንጃ ለእድሳት መሥሪያው ውስጥ ነበር፤ ሰደፉ ተሰንጥቆ። በርሜሉ ውስጥ አንድ አረር ተጣብቆ ቀርቶ ስለነበር ወንድምየው በጠመንጃው በራሱ ዘንግ ጫፍ ላይ መንቀያ አስሮ ጎተተው። የዘንጉ ጫፍ ተሰበረ። ስብራቱን ቆርጦ አስተካከለው፣ የነሐሱን ቆብ መልሶ ገጠመበት፣ ቀለሙን ወለወለና ከበርሜሉ ሥር ሰካው። ከእኅቱ ጋር አላስተያየውም። እኅትየዋ ከሞርሳው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተሰቅላ ነበር።

ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ያጠረ ዘንግ ይዋሻል። ቀለበቱ ከአፈሙዙ ጋር እኩል ሲሆን አረሩ ገና ከባሩዱ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ነው። ዳቦ ጋጋሪው በዓመታዊው የማኅበሩ ውድድር ላይ ባሩዱን ሰፈሩ፣ አረሩን ገፉ፣ ቀለበቱን አዩ፣ አመኑት። በርሜሉ ግራ እጃቸው ላይ ፈነዳ። ሦስት ጣት አጡ። በማግሥቱ ሊጥ ያቦካችው ሚስታቸው ናት፤ ዛሬም የምታቦካው እሷው ናት።

ማኅበሩ ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ አቋቋመ። አያቴ ከዳቦ ጋጋሪው ጠመንጃ ዘንግ ጋር የተቆረጠችውን እኅት በብብታቸው ይዘው ገቡ። የዚያን ቀን የተባለውን ቃል በቃል ብዙ ጊዜ ነግረውኛል፤ እኔም እንዳልረሳ ጽፌዋለሁ።

«ምን ላድርግ፣ እህቴ ናት» አለ ወንድምየው። «ልጇ ታሞባት ልቧ ቤቷ ነበር። ደግሞም ምልክቱን የምታደርገው በዓይኗ ነው፤ ስንቴ ነገርኳት።»

«ጋሼ!» አሉ አያቴ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። «ዘንጉን አምጡልኝ። ከእኅቱ ጋር እናስተያየው፣ ነገሩ ያልቃል።»

«ዘንጉ የለም» አለ ወንድምየው። «ከበርሜሉ ጋር ተሰባብሯል።»

«ጠመንጃ ሲተኮስ ዘንጉ በርሜሉ ውስጥ ምን ይሠራል? ሰውየው አጉርሰው አውጥተው ጎናቸው ነው ያስደገፉት! እዚያ የነበራችሁት፣ አንዳችሁ አላየም?»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «እትዬ፣ ቁጣ ጣት አይመልስም» አሉ።

ውሳኔው በማኅበሩ መዝገብ ላይ በሁለት መስመር ተጻፈ፦ እትዬ ሞርሳ ምልክት ያደረጉበት ዘንግ ወደ ተኩስ ሜዳ አይገባም፤ ይህ ውሳኔ እስኪሻር ይጸናል። እስከ ዛሬ አልተሻረም። በዚያው ሳምንት ወንድምየው የመስኮቱን ጠረጴዛ አስነሣ። ሁለት መቶ አሥራ አንዱን እኅቶች ከግድግዳው አውርዶ ለምድጃ ማያያዣ አደረጋቸው። ጣውላው ቀጭንና ደረቅ ስለነበረ ቶሎ እንደተቀጣጠለ ይነገራል። የተረፈችው በአያቴ ብብት የነበረችው ብቻ ናት። አያቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጋሼ» ማለትን ትተው «ሰውዬው» ማለት ጀመሩ።

በቀጣዮቹ ሠላሳ አራት ዓመታት ቀድሞ የጫማ መጋዘን በነበረ፣ ክረምትና በጋ ማስቲሽ በሚሸት አንድ ክፍል ውስጥ ሠሩ። ዘንግ አልሠሩም። የሞላ መያዣ፣ የአረር ማፍሰሻ ቅርጽ፣ የእሳት ቀዳዳ ማጽጃ መርፌ፣ የባሩድ መስፈሪያ ሠርተው ያለ ምልክት ለብረታ ብረት ነጋዴው ያስረክቡ ነበር፤ ነጋዴው ለማን እንደሚሸጥ አይጠይቁም። ማወቁን ግን ያውቃሉ። ሰውዬው ለሃያ ዓመት ያህል ሲሠራባቸው የኖረው የሞላ መያዣዎች የእህቱ እጅ ሥራ ነበሩ። አንድ ቀን በነጋዴው ሱቅ ውስጥ መያዣውን እያገላበጠ «ይሄ የውጭ ነው፤ ያስታውቃል። እዚህ እንዲህ ዓይነት እጅ የለም» ማለቱን ነጋዴው ሮጦ መጥቶ ነገራቸው። አያቴ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «በሚቀጥለው ዋጋ ጨምርበት» አሉት።

እነዚህን ዓመታት በጸጥታ አሳለፉ ብላችሁ እንዳታስቡ። ዳቦ ጋጋሪው ሲያዩአቸው መንገድ ይቀይሩ ነበር። እናቴ በትምህርት ቤት «የጣት ቆራጯ ልጅ» ተብላ አድጋለች። ዘመድ ሁሉ እየመጣ «ያለፈው አልፏል፣ ታላቅሽ ነው፣ ይቅር በይው» ይላቸዋል። መልሳቸው አንድ ነበር፦ «መቼ ይቅርታ ጠየቀና? ያልተጠየቅሁትን ከየት አምጥቼ ልስጠው?»

በ2014 ዓ.ም. እኔ በዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ የሰውዬው ሚስት እግራቸውን ታምመው እናቴ መድኃኒት እንዳደርስላቸው ላከችኝ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ አበባ አበባ ያለበት መጋረጃ አለ። መድኃኒቱን ሳስቀምጥ ቀና አልኩ። መጋረጃው የተሰቀለበት እንጨት ላይ ሁለት ቀለበት አለ። በመካከላቸው አንዲት ነጥብ።

«እማማ፣ ይሄ የመጋረጃ መስቀያ ከየት የመጣ ነው?» አልኳቸው።

«ያ እንኳ? ከጥንት ጀምሮ እዚያው ነው» አሉኝ የዋህዋ ሴት። «ባለቤቴ ነው ከመሥሪያው ያመጣው። ጥሩ እንጨት ነው፣ ምን ያደርጋል፣ አጠረብኝ። ዳርና ዳሩን በሽቦ ነው ያስረዘምኩት።»

አጠረባቸው። እንዴት አያጥርባቸው።

ወንበር ላይ ወጥቼ ሽቦውን ፈትቼ ከነመጋረጃው አወረድኩት። «ኧረ ልጄ፣ ኧረ ጎረቤት እያየን ነው!» ይሉ ነበር ከኋላዬ። በማግሥቱ አዲስ መስቀያ ገዝቼ አደረስኩላቸው፤ እሳቸው ምንም ያጠፉት ነገር የለም። ሰውዬውን ያጋለጠው ጠላት ወይም መርማሪ አይደለም፤ ጥሩ እንጨት መጣል ያልሆነለት ስስቱ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አንድ የማይጎዱትን አቃጥሎ የሚጎዳውን አንዱን መጋረጃ ሰቀለበት።

አያቴ ዘንጉን ሲያዩ አልተነሡም። «አምጪያት» አሉኝ፤ እኅትየዋን ማለታቸው ነው። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኛናቸው። ቀለበት ከቀለበት፣ ነጥብ ከነጥብ ጋር ገጠመ። ታች ጫፉ ላይ ግን ሠላሳ ሦስት ሚሊ ሜትር ጎደለ። አያቴ ሁለት ጣታቸውን በጉድለቱ ላይ አስቀመጡ፤ ልክ ሆነ። ከዚያ የነሐሱን ቆብ አወለቁና የተቆረጠውን ፊት በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። የሞረዱ ጭረት ከቀኝ ወደ ግራ ያዘነብላል። ቀኝ እጅ እንዲህ አይሞርድም። በዚያ መሥሪያ ውስጥ ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ሁለታችን ቤቱ ሄድን። ሰውዬው በረንዳው ላይ ነበር። ሁለቱን እንጨቶች ጉልበቱ ላይ አስቀመጡለት።

«እኔ እኮ ልነግርሽ ነበር» አለ። «ያኔ መሥሪያው ይዘጋ ነበር። አንቺ ባል ነበረሽ፤ እኔ ምን ነበረኝ?»

«ስም ነበረኝ» አሉት።

«አሁን ምን ይጠቅምሻል፣ እታለም? አንድ እግራችን መቃብር ገብቷል።»

«ባለኝ እግር ቆሜ እሰማሃለሁ። ገንዘብ አልፈልግም፣ መሥሪያውን አልፈልግም። በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ተነሥተህ ‹የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ያላስተያየሁት እኔ ነኝ› ትላለህ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። በመዝገቡ ላይ የተጻፈብኝም ሁለት መስመር ነው።»

«እሺ» አለ። «ለዘንድሮ ጤናዬ አልተመለሰም። ለከርሞ።»

በ2015 ዓ.ም. ጉልበቱን አመመው። በ2016 ዓ.ም. ጉንፋን ያዘው። ሰባ ሰባት ዓመት የሞላቸውና ሳምባቸው የደከመ እህቱ መቼ እንደሚያርፉ እየጠበቀ መሆኑን አያቴም እኔም እናውቅ ነበር። አንድ ነገር ግን ዘንግቶ ነበር፤ የሕይወት ታሪክን የሚጽፈው ሟች ሳይሆን ቀሪ ነው።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ የሆነ አንድ ደግ ነገር ልጻፍ፤ ጥቂት ስለሆነ ቦታ አይፈጅም። ዳቦ ጋጋሪውን ጠርተን ሁለቱን እንጨቶች አሳየናቸው። ተቀመጡ፤ ሁለት ጣት በቀረው እጃቸው ዘንጉን ዳሰሱት። «እትዬ» አሉ፣ «ሠላሳ አራት ዓመት እርስዎን ለመሸሽ በዙሪያ ስሄድ ስንት ጫማ ጨረስኩ!» አያቴ «ሂሳቡን ወደ ሰውዬው ላክ» አሏቸው። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው አንገታቸውን ደፍተው፣ ያን ቀን ጠዋት ስለ ቸኮሉ ባዶ በርሜሉን በዘንጉ ሳይለኩ ማጉረሳቸውን ተናገሩ። ለክተው ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ቀለበት ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ይሰጥምና ዘንጉ ማጠሩ ይታወቅ ነበር። ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር። አያቴ ትክ ብለው አዩአቸው፤ አየኋቸው፣ የሞርሳ ፊታቸው ነበር። «አልከው አይደል?» አሏቸው በመጨረሻ። «በቃ። ዳቦ አምጣልኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሁለት ትኩስ ዳቦ ይመጣ ነበር። ይቅርታ ምን ያህል ርካሽ እንደነበረ ሰውዬው ይህን በሰማ ጊዜ ሊያውቅ ይችል ነበር። ሰምቷል። እኔ ነኝ የነገርኩት።

አያቴ ለረጅም ጊዜ በብረት ብናኝ በተጎዳ ሳምባቸው ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ወራት ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ሞርሳቸውን ወደ መኝታ ክፍላቸው አስገብተን አልጋቸው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ጋር አሰርነው። ሐኪሙ መጥተው «ይህ ምንድነው?» አሉ። «ጎረቤቴ ነው» አሏቸው። የማኅበሩ ስብሰባ በሚያዝያ ሲያልቅ «ተናገረ?» ብለው ጠየቁኝ። «ጉንፋን ይዞታል» አልኳቸው። ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። «እንግዲያውስ ብዕርሽን አንሺ» አሉኝ። ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ዳቦው ከመጣ በኋላ፣ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ።

በማግሥቱ ሰውዬው በእጁ የጻፈውን አንድ ገጽ በዘመድ ላከልኝ፤ በቀብሩ ፕሮግራም ላይ እንዲነበብ። «ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በፍቅርና በመከባበር ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ» ይላል። ሽማግሌዎችም አብረው መጥተው «ለሬሳው ክብር ሲባል ነገሩን አለዝቢው፤ እህል ውኃ የተቋደሱ ናቸው» አሉኝ። ገጹን አነበብኩ። ያጠረ ስለ መሰለኝ መለስኩት።

እትዬ ሞርሳ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ ቁጥራቸው ሊታወቅ የማይችል በብዙ ቤት ውስጥ ያለ ምልክት የሚሠሩ መሣሪያዎች፣ እንዲሁም አንድ ያልተመለሰ ማስመሪያ ትተውልን ሄደዋል። ሁለት እህቶቻቸው ቀድመዋቸዋል። ታላቅ ወንድማቸው በሕይወት አለ። ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር፣ መሐል ላይ፣ በእናቴና በአጎቴ መካከል ተቀምጧል፤ ቦታውን የመረጡለት እህቱ ናቸው። ግራ ቀኙ ሳይነሣለት መውጣት አይችልም።

የማኅበሩ ሰብሳቢ የመዝገቡን መጽሐፍ ይዘው እንዲመጡ ጠይቄያቸው ይዘው መጥተዋል። ሁለቱ እንጨቶች በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተኝተዋል፤ ዳቦ ጋጋሪው አጠገባቸው ቆመዋል። ማንም እኔን እንዲያምን አልጠይቅም፤ ዓይናችሁንም ጭምር አትመኑ። ስትወጡ አስጠግታችሁ አስተያዩ። ቀለበቱን ከቀለበቱ ግጠሙ፣ ነጥቡን ከነጥቡ፣ ከዚያ ወደ ታችኛው ጫፍ ሁለት ጣታችሁን ስደዱ። ከዚያ በኋላ ያ ሁለት መስመር ይሰረዝ ወይስ ይጽና፣ ብዕሩ በመዝገቡ ላይ ነው። የመጀመሪያው አስተያዪ የሚሆነው ታላቅ ወንድማቸው ነው። ሁላችንም ተቀምጠን እንጠብቀዋለን። ከኅዳር 1980 ዓ.ም. ጀምሮ ሳያስተያይ ያለፈው እሱ ስለሆነ ተራው የሱ ነው፤ የሚለው ሁለት ዓረፍተ ነገርም ካለው፣ እህቱ ባይሰሙትም እኛ አለን።

ልኩን የማያጓድል ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ በልኳ በተቆረጠ ቦታ፣ ሁለት ጣት እንኳ ሳይጎድልባት ያሳርፍልን።